ከአሸዋው ውጭ የምትሸና ድመት፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

«እልህ ይዟት ነው» ይባላል። ድመት ግን ሰው ለመቅጣት ብላ አልጋ ላይ አትሸናም። ወይ አሟታል፣ ወይ መጸዳጃው አልተመቻትም፣ ወይ ግዛቷን እያመለከተች ነው። ስለዚህ ከቁጣ በፊት ሽንቱን ማየት ይቀድማል።

ደጋግሞ ያምጣል፣ ሽንት ግን አይወጣም

ወንዴ ከሆነ ንባቡን እዚህ ላይ ይተዉትና ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዱት። የወንዴ ድመት የሽንት ቱቦ ጠባብ ስለሆነ ደቃቅ ጠጠርና ዝልግልግ ነገር ይደፍነዋል። ሙሉ በሙሉ ሲደፈን ፖታሲየም በደም ውስጥ ይከማችና ልብን ያውካል፤ በአንድ ሁለት ቀን ሊገድል ይችላል። ብዙ ባለቤት የሚዘናጋው ማማጡን አይቶ ሆድ ድርቀት ስለሚመስለው ነው። መጮህ፣ ብልትን ደጋግሞ መላስ፣ ማስታወክና መደበቅ ከታከሉበት ሌሊትም ቢሆን አይጠበቅም። ሆዱንም አይጫኑት፤ የተወጠረ የሽንት ፊኛ ሊፈነዳ ይችላል።

ትንሽ ትንሽ፣ አንዳንዴም ደም የቀላቀለ

ብዙውን ጊዜ የፊኛ ብግነት ነው። በወጣትና በጎልማሳ ድመቶች ዘንድ ባክቴሪያ እምብዛም አይገኝበትም፤ ጭንቀት ግን ያባብሰዋል። ስለዚህ ከቤት የተረፈ አንቲባዮቲክ መስጠት ከንቱ ነው። ሐኪም ሽንቷን ይመርምር፤ እርስዎ ደግሞ እርጥብ ምግብ ይስጧት፣ የውሃ ዕቃዎችም በየክፍሉ ይኑሩ።

ሽንቱ ደህና ነው፣ ቦታው ግን ምንጣፍ ሆነ

እዚህ ላይ ተጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ የአሸዋው ሳጥን ነው። በመደብር የሚሸጡት ብዙዎቹ ያንሳሉ፤ ርዝመቱ የድመቷን አካል አንድ ተኩል እጥፍ ቢሆን ይመረጣል። ክዳን ሽታውን ለእኛ ይቀንስልናል፣ ለእሷ ግን ውስጥ ያፍነዋል። ሽቶ ያለው አሸዋም የተሠራው ለሰው አፍንጫ ነው። ልብስ ማጠቢያ ማሽን አጠገብ ተቀምጦ ከሆነ አንዴ ደንግጣ ከሮጠች ላትመለስ ትችላለች። ያረጀች ድመት መገጣጠሚያዋን ስለሚያማት ከፍ ያለውን ጠርዝ መሻገር ይከብዳታል፤ አንዱን ጎን ዝቅ ያድርጉላት።

የትኛው እንደሆነ ካልታወቀ ግምቱን ይተዉና ይጠይቋት፦ ሁለት የተለያየ አሸዋ ያላቸው ሳጥኖች ጎን ለጎን አስቀምጠው የትኛውን እንደምትመርጥ ይመልከቱ። የሳጥኑ ቁጥር በድመት ልክ ሲደመር አንድ ይሁን፣ ቆሻሻው ቢያንስ በቀን አንዴ ይነሣ። የሸናችበትን ቦታ በበረኪና አይጠቡ፤ በሽንት ውስጥ ካለው አሞኒያ ጋር ተቀላቅሎ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ሽታውን ከሥሩ የሚያጠፋው ኢንዛይም ያለበት ማጽጃ ነው።

ቆማ፣ ጅራቷን እያንቀጠቀጠች ግድግዳ ላይ የምትረጭ ከሆነ ግን ግዛት ማመልከት ነው። ባልተኮላሸ ወንዴ ላይ ይበዛል፤ ማኮላሸት ደግሞ በአብዛኛው ያስቆመዋል።

ሽንቱ በዛ

የሚቋጠር አሸዋ የሚጠቀም ሰው ሳያስበው መለኪያ አለው። ሽንቱ ያቋጠራቸው የአሸዋ ጓሎች ከወትሮው ከገዘፉና ውሃ መጠጣቷ ከጨመረ ኩላሊት፣ ስኳር ወይም የታይሮይድ ዕጢ ይጠረጠራል፤ በተለይ በዕድሜ በገፋች ድመት። የደምና የሽንት ምርመራ ይለየዋል።

ፀጉሯ ሲቆላለፍ፣ ስታክ

ጀርባዋ ላይ ፀጉር ከተቋጠረ ስንፍና አይደለም፤ ወፍራለች ወይም መገጣጠሚያዋ ታሞ አልደርስ ብሏታል። ቋጠሮውን በመቀስ አይቁረጡ፤ ስስ ቆዳዋ አብሮ ይነሣና ይቀደዳል። በማበጠሪያ ቀስ ብለው ይፍቱ፣ እምቢ ካለ በማሽን ይላጭ። የምታክ ከሆነ በጠባብ ማበጠሪያ የወጣውን ጥቁር ፍርፋሪ እርጥብ ነጭ ወረቀት ላይ ያድርጉት፤ ከቀላ የቁንጫ ዓይነ ምድር ነው። ለውሻ የተሠራውን የቁንጫ ጠብታ ግን አይንኩ፤ ፐርሜትሪን የተባለ ፀረ ተባይ ያለበት ድመትን ይገድላል። ለሕመምም ፓራሲታሞል አይሰጥም፤ ጉበቷ ስለማይፈጨው አንድ ክኒን እንኳ ሊገድላት ይችላል።

ቤት ውስጥ ነፍሰ ጡር ካለች

ድመቷን ማባረር አያስፈልግም። ፅንስን ሊጎዳ የሚችለው የቶክሶፕላዝማ ተሕዋስ ከድመት ዓይነ ምድር ጋር ወጥቶ ለመበከል የሚበቃው ከ1 እስከ 5 ቀን ውስጥ ስለሆነ፣ አሸዋውን ሌላ ሰው በየቀኑ ያጽዳ። ሌላ ሰው ከሌለ ጓንት ታድርግ፣ ሲያልቅም እጇን በሳሙና ትታጠብ።