ሙቀጫ ከዋንዛ፣ ዘነዘና ከወይራ፦ በእጅ እንዴት ይሰራል?

የመጀመሪያው ሙቀጫዬ ተሰንጥቆ ቀረ። ዳንግላ አጠገብ አጎቴ ቤት ሁለት ቀን ጠርቤ፣ ቶሎ ይድረቅልኝ ብዬ ፀሐይ ላይ አወጣሁት። በሦስተኛው ቀን ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ አገኘሁበት። አጎቴ አየና ሳቀ። «አንተ ልጅ፣ እንጨት በርበሬ መሰለህ እንዴ? አይሰጣም እኮ!» ስለዚህ ከጥርቡ ይልቅ ማድረቁ ላይ ቆም እያላችሁ አንብቡ።

እንጨቱ ዋንዛ ይሁን። ለመሮ ይመቻል፣ ምስጥም ቶሎ አይደፍረውም። አገው ምድር ስትሄዱ፣ ፋግታ ለኮማ በኩል በየማሳው የተተከለው ዲከረንስ የሚባለው የግራር ዘር ያጓጓችሁ ይሆናል። እሱን ለከሰል ተዉት፤ ገና በለጋነቱ ስለሚቆረጥ ቀጭን ነው። ዋንዛ ደግሞ ዝም ብሎ የሚቆረጥ ዛፍ አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ከኮሶ፣ ከዝግባና ከጽድ ጋር ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጥ ከልክሎት ነበር። ከሰው ጓሮ ብትገዙም መጀመሪያ የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ ጠይቁ።

ለቡናና ለቅመም የሚሆን ሙቀጫ ከፈለጋችሁ 40 ሳንቲ ሜትር ቁመትና 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ጉማጅ ይበቃል። ጉጥ የሌለበትን ምረጡ።

አሁን ጥርቡ። እንጨቱ እርጥብ ሳለ ጀምሩ፤ ደረቅ ዋንዛ መሮ ያደክማል። ከላይ ጠርዙን 4 ሳንቲ ሜትር ያህል አስቀርታችሁ ክብ አስምሩ። ከመሀል ጀምራችሁ በመሮና በእንጨት መዶሻ ወደ ውስጥ ፈልፍሉ። አንድ ጊዜ ጠልቆ ከመምታት ትንሽ ትንሽ እያነሱ መሄድ ይሻላል። ጥልቀቱ 20 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ አቁሙ። ከታች የሚቀረው ወፍራም እንጨት ነው ምቱን የሚችለው። ታቹ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ይሁን፤ ጥግ ካለው ቅመሙ እዚያ ይሸሸጋል። የግንዱ ልብ ያለው መሀሉ ላይ ነው፤ ስንጥቅም ብዙ ጊዜ ከዚያ ስለሚነሳ ቀድሞ መፈልፈሉ እንጨቱን ያሳርፈዋል።

ፍም አስቀምጦ እፍ እያሉ ማቃጠልም አለ። ድካም ይቀንሳል፣ አልክድም። እኔ ግን መሮውን እመርጣለሁ። እሳቱ ከበረታ ያሰነጥቃል፣ የጭሱም ሽታ ቶሎ አይለቅም።

ውጪውን በመጥረቢያ ቅረጹት። ወገቡን ቀጠን፣ እግሩን ሰፋ አድርጉት፤ ያለዚያ ስትወቅጡ ይንገዳገዳል።

ቀጥሎ ማድረቁ ነው። ከላይም ከታችም የተቆረጠውን ፊት እርጥብ እበት ለቅልቁት። እንጨት ውሃውን በፍጥነት የሚለቀው በዚያ በኩል ነው። እበቱ ያዘገየዋል። ከዚያ ጭድ ውስጥ ቅበሩትና ነፋስ የማያገኘው ጥላ ስር አስቀምጡት። ምድጃ አጠገብ አይሆንም። ጣራ ላይማ በፍጹም! በየሳምንቱ ገልበጥ አድርጉት። ሁለት ሦስት ወር ይፈጃል። ክረምት ከሆነ ይጨምራል። ቀለል ሲላችሁና መዳፍ ላይ ቅዝቃዜው ሲጠፋ ደርቋል።

እስከዚያ ዘነዘናውን ስሩ። ወይራ ከባድና ጠንካራ ስለሆነ ለዚህ ተፈጠረ ማለት ይቻላል። እጅ አንጓ የሚያህል ቀጥ ያለ ቅርንጫፍ፣ 50 ሳንቲ ሜትር። ጫፉን ድቡልቡል፣ መያዣውን ቀጠን አድርጉ። ፍቅፋቂውን አትጣሉት፤ የእርጎ ቅል ማጠኛ ይሆናል። እናቶች ቤት ከሙቀጫው ይልቅ በዚህ ትመሰገናላችሁ።

ሙቀጫው ሲደርቅ እበቱን ፍቃችሁ ውስጡን በጠርሙስ ስባሪ ፋቁት፣ ጓንት አድርጋችሁ። በብርጭቆ ወረቀት ጨርሱ። የኑግ ዘይት ቀቡት፣ አሳድሩት፣ ደግማችሁ ቀቡት። ቡና ከመውቀጣችሁ በፊት አንድ እፍኝ ገብስ ወቅጣችሁ ድፉ፤ የተረፈውን ብናኝ ይዞ ይወጣል።

ነጭ ሽንኩርት የተወቀጠበት ሙቀጫ ለቡና አይመለስም። ሁለት ስሩ።

መጨረሻ ላይ ባዶውን በዘነዘናው መታ መታ አድርጉት። «ድም» ካለ ደህና ነው። «ቀጭ» የሚል ከሰማችሁ ስንጥቁን ፈልጉ።