ባትሪው ደህና ነው፤ የሞተው ሞተሪኖው (ሞተር አስነሺው) ነው
ኮሮላ መኪናዬ ሰሞኑን ጠዋት ጠዋት አስቸገረችኝ። ቁልፉን ሳዞር አንዲት "ጠቅ" ብቻ፣ ከዚያ ዝም። ያየኝ ሁሉ "ባትሪ ቀይር" አለኝ። ልገዛም ነበር። ግን የፊት መብራቱን አብርቼ ቁልፉን ሳዞር ብርሃኑ ምንም አልፈዘዘም። የደከመ ባትሪ እንዲህ አያደርግም። በቴስተር ስለካው 12.6 ቮልት፣ ሙሉ ነው። ተርሚናሉንም (ሽቦው ባትሪው ላይ የሚታሰርበትን) አጽድቼ አጠበቅኩ፤ ያው ነው።

ማርሹን ዜሮ፣ የእጅ ፍሬኑን ስቤ፣ ወንድሜ ቁልፉን ሲያዞር ሞተሪኖውን በመዶሻ እጀታ መታ መታ አደረግኩት። ተነሳች! ሞተሪኖው ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው ካርቦን ሲያልቅ እንደዚህ ነው፤ ሲመታ ለጊዜው ይነካካል።

ለመፍታት መጀመሪያ የባትሪውን ነጌቲቭ (−) ሽቦ አላቀቅኩ። ይህን በፍጹም እንዳትዘሉት። ወደ ሞተሪኖው የሚሄደው ወፍራም ሽቦ በቀጥታ ከባትሪ የሚመጣ ነው፤ መፍቻው ቦዲ ቢነካ እሳት ይተፋል። የቀረው ሁለት ሽቦና ሁለት ብሎን ነው። የታችኛው ብሎን ግን ዝጎ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ።

ያገለገለ ሞተሪኖ ከሶማሌ ተራ፣ ከአዲስ አበባው የመኪና ዕቃ ገበያ፣ ገዛሁ። ከመክፈሌ በፊት በባትሪ አስሞከርኩት፤ ጥርሱ ወደ ፊት ወጥቶ ሳይንተፋተፍ መሽከርከር አለበት። ገጠምኩት። አሁን በአንድ ቁልፍ ትነሳለች።