የመኪና ሮታሪ ሞተር ሴንሰሮችን ቤት ውስጥ በተሠራ አውሮፕላን ላይ እንዴት እንደሚገጥሙ

እንደ ማዝዳ 13ቢ ያለ ባለ ሁለት ሮተር ሞተር (በፒስተን ፈንታ ሮተር የሚባሉ ባለ ሦስት ማዕዘን አካላት የሚሽከረከሩበት) አውሮፕላን ላይ ሲገጠም የመኪናው ሴንሰሮች አብረው ይመጣሉ። የተሠሩት ግን ሞተሩ ሲግል ዳር ይዞ ለሚቆም ሾፌር ነው። አብራሪው የሚይዘው ዳር የለውም፤ ችግሩን ቀድሞ ማወቅ አለበት።

ከውሃው ሙቀት ይጀምሩ። ሴንሰሩን ከመግጠምዎ በፊት ድስት ውስጥ ይፈትኑት። ከቴርሞሜትር ጋር ውሃው ውስጥ ያንጠልጥሉት፣ የድስቱን ታች አያስነኩት፣ የኤሌክትሪክ መቋቋሙን (ኦም) በመልቲሜትር ይለኩ። የተለመደው የጂኤም (ጄኔራል ሞተርስ) ባለ ሁለት ሽቦ ሴንሰር በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ 3,520 ኦም፣ በ100 ዲግሪ 177 ኦም ገደማ ያሳያል። ውሃው ስለፈላ ብቻ 100 ደርሷል አይበሉ፤ አዲስ አበባ ላይ በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ 227 ኦም ገደማ ቢያነቡ ሴንሰሩ ደህና ነው። ባለ አንድ ሽቦ ከሆነ ኔጋቲቩን የሚያገኘው በጥርሱ በኩል ስለሆነ ቴፍሎን አይጠቅልሉበት። ለጌጁና ለሞተሩ ኮምፒውተር ደግሞ አንድ ሴንሰር አያጋሩ፤ ንባቡ ይዛባል።

ቦታው ውሃው ከሞተሩ ወጥቶ ራዲያተር ሳይደርስ ነው። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚዘነጉት ነገር አለ፦ ውሃው ፈስሶ ካለቀ ሴንሰሩ አየር ውስጥ ይቀርና ሞተሩ እየተቃጠለ ጌጁ ዝቅ ሊል ይችላል። ስለዚህ የውሃ ግፊት ሴንሰር ይጨምሩ፤ በእኛ እምነት ከሁሉም በላይ ዋጋ ያለው ይኸኛው ነው። ሙቀቱ ሳይቀንስ ግፊቱ ወደ ዜሮ ከወረደ ውሃ እየፈሰሰ ነው። ሞተሩ ገና ሳይሞቅ ግፊቱ ቶሎ ከወጣ ደግሞ የተቃጠለ ጋዝ በውሃ ማኅተሙ (ውሃውን ከማቃጠያው ክፍል በሚለየው) በኩል እየገባ ሊሆን ይችላል።

ከ0.5 እስከ 4.5 ቮልት የሚሰጥ ባለ ሦስት ሽቦ የግፊት ሴንሰር ይምረጡ። ዜሮ ግፊት ላይ 0.5 ቮልት ስለሚሰጥ፣ 0 ቮልት ካዩ የተበላሸው ሽቦው ወይም ሴንሰሩ ነው። የዘይት ግፊት ሴንሰርን በቀጥታ ሞተሩ ላይ አይሰኩ፤ ክብደቱና ንዝረቱ አንገቱን ሰብሮ ዘይቱን ያስፈስሳል። በቀጭን ቱቦ ወደ እሳት መከላከያው ግድግዳ ይውሰዱት፤ ሞተሩ በኩል ያለው መጋጠሚያ ቀዳዳው 1 ሚሊሜትር ገደማ ይሁን፣ ቱቦው ቢበጠስ እንኳ ዘይቱ ቀስ ብሎ እንዲወጣ። የዘይቱን ሙቀት ከማቀዝቀዣው በኋላ፣ ማጣሪያው አጠገብ ይለኩ፤ ሮተሮቹን የሚያቀዘቅዘው ዘይት ነው።

የዙር መቁጠሪያውን 4 ሲሊንደር ላይ ያድርጉት፤ ባለ ሁለት ሮተር ሞተር እንደ ባለ 4 ሲሊንደሩ በአንድ የዘንግ ዙር ሁለት ጊዜ ያቀጣጥላል። በ2.85 የዙር መቀነሻ (በሞተሩና በፕሮፔለሩ መካከል ባለው ማርሽ) የሞተሩ 6,000 ዙር በደቂቃ ለፕሮፔለሩ 2,105 ይሆናል።

የጭስ ሙቀት ከ900 ዲግሪ ሊያልፍ ስለሚችል ኢንኮኔል (ሙቀት የሚቋቋም የኒኬል ቅይጥ) ሽፋን ያለው ኬ ዓይነት ቴርሞካፕል (ከፍተኛ ሙቀት የሚለካ ሴንሰር) ያስፈልጋል። የኦክስጅን ሴንሰርን እርሳስ ባለበት የአቪዬሽን ቤንዚን አይመኩበት፣ ቶሎ ይሞታል።

በመጨረሻ አውሮፕላኑን መሬት ላይ አስረው ሞተሩን ያስነሱና፣ ለሞተሩ ኮምፒውተር የዘንጉን ዙር ከሚነግረው የዘንግ ሴንሰር በስተቀር የጌጆቹን ሽቦዎች ከፕሮፔለሩ ርቀው አንድ በአንድ ይንቀሉ። ጌጁ ሽቦ ሲበጠስ የሚያሳየውን ዳሽቦርዱ ላይ ይጻፉት።