የቶርኖ መሮ ለምትስሉ

ከፒያሳ ወደ መርካቶ ወርዳችሁ የአልማዝ መሳያ ዲስክ ልትገዙ ከሆነ አንዴ ቆም በሉ። አልማዝ ካርቦን ነው። ብረት ደግሞ በጣም ሲግል ካርቦን ይስባል። ስለዚህ በፈጣን ግራይንደር ላይ የብረት መሮ ስትስሉበት አልማዙ ቶሎ ያልቃል። ለካርባይድ (ከብረት በጣም ለሚጠነክረው የመቁረጫ ጫፍ) ግን ሁነኛ ነው።

ለሃይ ስፒድ ስቲል (ሙቀት ለሚችለው ብረት) መሮ ሲቢኤን የሚባለውን፣ ካርቦን የሌለበትን ጠንካራ መሳያ ዲስክ ጠይቁ። ዋጋው ይከብዳል። ግን እንደ ተራው የመሳያ ድንጋይ እየተበላ አያንስም፤ ያስተካከላችሁት ማዕዘን እንዳለ ይቆያል። እኔ ይሄን ነው የምወድለት!

አልማዙን ቀድማችሁ ገዝታችሁ ከሆነም አትጣሉት። ዙሩን ቀንሱ፣ መሮውን ሳትጫኑ ነካ ነካ ብቻ አድርጉት። ከመሳላችሁ በፊት የስለቱን ተዳፋት በማርከር ቀቡት። ቀለሙ ከላይ እስከ ጫፍ እኩል ከለቀቀ ማዕዘኑ ገጥሟል። ጫፉ ላይ ብቻ ከለቀቀ መሮው የሚያርፍበትን መደገፊያ አስተካክሉ።