የግራውንና የቀኙን ስፒከር ድምፅ ለየብቻ ስለማስተካከል

በኮምፒውተር ሙዚቃ ስትሰሙ ከመሃል ሊመጣ የሚገባው የዘፋኙ ድምፅ ወደ አንድ ወገን የሚያጋድል ከሆነ፣ አስቀድማችሁ የስፒከሮቹን አቀማመጥ ተመልከቱ። ወደ ክፍሉ ጥግ የተጠጋው ስፒከር ቤዙን (ወፍራሙን ድምፅ) ከሌላው ይበልጥ ያጎላል፤ የባላንስ ማስተካከያው ደግሞ የአንዱን ወገን ድምፅ በጅምላ ከፍ ወይም ዝቅ ከማድረግ ያለፈ ነገር ስለማይሠራ፣ ስፒከሩን ማንቀሳቀስ ካልተቻለ መፍትሔው ለእያንዳንዱ ወገን የራሱን ኢኳላይዘር (ወፍራም፣ መካከለኛና ቀጭን ድምፆችን ለየብቻ ከፍ ወይም ዝቅ የሚያደርግ ማስተካከያ) መስጠት ነው።

በዊንዶውስ ላይ ኢኳላይዘር ኤፒኦ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ይህን ያከናውናል። ቻናል (የድምፅ ወገን) የሚለውን ትእዛዝ ጨምራችሁ ግራውን ብቻ ስትመርጡ፣ ከሥሩ የምታስገቧቸው ማጣሪያዎች (የተመረጠን የድምፅ ክልል ከፍ ወይም ዝቅ የሚያደርጉት) ሌላ የቻናል ትእዛዝ እስኪመጣ ድረስ ግራውን ብቻ ይነካሉ፤ ስለዚህ የግራው ስፒከር ለምሳሌ በ120 ኸርዝ አካባቢ የሚያጉረመርም ከሆነ፣ እዚያ ላይ 4 ዴሲቤል ቀንሳችሁ ቀኙን እንዳለ መተው ትችላላችሁ።

በእኔ እምነት መቀነስ ከመጨመር ይሻላል። መጨመር ግድ ከሆነ፣ ድምፁ እንዳይሻክር ከቻናል ምርጫው በፊት ፕሪአምፑን (የጠቅላላውን ድምፅ መጠን የሚወስነውን ማስተካከያ) ቢያንስ በዚያው መጠን ለሁለቱም ወገን ዝቅ አድርጉ። ውጤቱን በሁለቱም ስፒከሮች አንድ ዓይነት ድምፅ በሚያወጣ የሞኖ ቅጂ፣ ዘወትር በምትቀመጡበት ቦታ ሆናችሁ ፈትሹ፤ ማስተካከያው ለክፍሉና ለስፒከሮቹ የተሠራ ስለሆነም በጆሮ ማዳመጫ ስትሰሙ ማጥፋቱን አትርሱ።