ለቁንጭር አዲስ መድሃኒት ሙከራ ግቡ ከተባላችሁ

እኛ ጎጃም ቁንጭር፣ ቆዳን ሚያቆስለው በሽታ ማለት ነው፣ የወጣበት ሰው መጀመሪያ ጸበል ይሄዳል፣ ከዛ ቅጠል ያስደርጋል፣ አንዳንዱም ያስተኩሳል፣ ሀኪም ጋ ሚመጣው ብዙ ጊዜ ቁስሉ ፊቱ ላይ ከተንሰራፋ በኋላ ነው። ስለዚ አዲስ መድሃኒት እየተሞከረ ነው ሲባል ወይ ይሸሻል ወይ ምንም ሳይጠይቅ ይፈርማል። ሁለቱንም አታድርጉ።

መጀመሪያ በምርመራ ቁንጭር መሆኑ ይረጋገጥ፣ ከቁስሉ ጠርዝ ፋቅ አርገው በማይክሮስኮፕ ያዩታል፣ ስጋ ደዌም ሊመስል ይችላልና።

ከዛ ለሙከራው ምትፈርሙበት የፈቃድ ወረቀት። በአማርኛ ይነበብላችሁ፣ ማንበብ ማይችል ሰው ከጥናቱ ውጪ የሆነ ምስክር ይዞ ይግባ፣ ቤት ወስዳችሁም ተማከሩበት። መድሃኒቱ ከዚ በፊት ሰው ላይ ተሞክሯል ወይ? ብጎዳ ማን ያሳክመኛል? የምግብና መድሃኒት ባለስልጣን ፈቅዷል ወይ? ብላችሁ ጠይቁ። መሃል ላይ ልውጣ ብትሉም መብታችሁ ነው፣ መደበኛ ህክምናችሁን ማንም አይከለክላችሁም።

አዲሱን መድሃኒት ማን እንደሚያገኝ፣ የድሮውን ማን እንደሚያገኝ በዕጣ ነው ሚለየው፣ ሰው ሚከፋው በዚ ነው፣ እሱ አዲሱን አገኘ እኔ የድሮውን መርፌ ይላል። ግን ቁንጭር እኮ ከጊዜ ጋር በራሱም ሊድን ይችላል፣ ታዲያ ማነጻጸሪያ ከሌለ መድሃኒቱ ይሁን ጊዜው ያዳነው በምን ይታወቃል? በፈረንጆቹ 2015 ምስራቅ ጎጃም ላይ የዝሆኔ ጥናት ሲሰራ ወደ 700 ሰው ነበር የገባው፣ ገሚሱ እግር መታጠቡን ቅባቱን ፋሻውንና ጫማውን ወዲያው ጀመረ፣ ሌላው 12 ወር ጠብቆ ያንኑ አገኘ፣ ህመሙ በየጊዜው መነሳቱ እንደቀነሰ የታወቀው እነሱ ስለጠበቁ ነው።

ሚልቴፎሲን ሚባለው ክኒን ከደረሳችሁ ደሞ ለ28 ቀን ነው ሚዋጠው፣ ከምግብ ጋር። የአክስቴ ልጅ ጾም ይዛ በባዶ ሆዷ እየዋጠች ስታስመልስ ሰነበተች፣ ለማንም ትንፍሽ አላለችም! ጿሚ ከሆናችሁ ከጅምሩ ተናገሩ፣ ሰዓቱን ከምትበሉበት ጋር ያስማሙላችኋል። እርጉዝ ሴት በፍጹም እንዳትወስደው፣ ጽንሱን ይጎዳል፣ ከጨረሰች በኋላም ለ5 ወር መከላከያ ያስፈልጋታል። ጸበልም ሆነ ቅጠል እየተጠቀማችሁ ከሆነ አትደብቁ፣ አይቆጧችሁም።

ቁስሉ ሲደርቅ ዳንኩ ብላችሁ እንዳትጠፉ፣ ሊያገረሽ ስለሚችል ከወራት በኋላ ያለው ቀጠሮ ከመጀመሪያው እኩል ነው። ቀጠሮው ከጤፍ አጨዳ ጋር ከተጋጨ ቀድማችሁ ንገሯቸው፣ ስልክ ከሌላችሁም የጎረቤት ቁጥር አስመዝግቡ።