አዲስ ሲስተም የጫናችሁበትን ላፕቶፕ ከግቢው ዋይፋይ ጋር ማገናኘት፦ ውጭ አገር ለመማር ለገባችሁ

ግቢው ውስጥ ሆናችሁ የላፕቶፓችሁን የዋይፋይ ዝርዝር ስትከፍቱ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሦስት ስም ይመጣላችኋል፦ «ኤዱሮም» (eduroam) የሚል፣ የእንግዳ መስመር፣ አንዳንዴም የዩኒቨርሲቲውን ስም የያዘ ሌላ። የእንግዳው በሁለት ክሊክ ስለሚከፍት ብዙ አዲስ ተማሪ እሱው ላይ ተደላድሎ ሴሚስተሩን ይገፋል። አያዋጣም። የእንግዳ መስመር አብዛኛው ቦታ ፍጥነቱ የተገደበ ነው፤ ከተወሰነ ሰዓት በኋላ ያስወጣችሁና እንደገና ግቡ ይላል፤ የላይብረሪውን ጆርናሎችም ሆነ የግቢውን ፕሪንተር ላያገኝላችሁ ይችላል። ፓስወርድ የማይጠይቅ ክፍት መስመር ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ በዋይፋዩ ላይ የሚያልፈው ነገር አልተመሰጠረም።

ዋናው መስመር፣ ኤዱሮም፣ ግን እንደ ቤት ዋይፋይ አይደለም። የጋራ ፓስወርድ ስለሌለው «ፓስወርዱ ምንድን ነው?» ብሎ አጠገባችሁ የተቀመጠውን መጠየቅ ፋይዳ የለውም፤ ሁሉም በየራሱ የተማሪ አካውንት ነው የሚገባው። ጓደኛ በደግነት የራሱን ቢሰጣችሁም አትቀበሉ። ያ ፓስወርድ ብዙ ጊዜ የኢሜይሉም የውጤቱም ቁልፍ ነው፤ በእናንተ ላፕቶፕ የሚደረገው ሁሉም በእሱ ስም ይመዘገባል።

ኤዱሮም እ.ኤ.አ. በ2002 አውሮፓ ውስጥ የተጀመረ የዩኒቨርሲቲዎች የጋራ አገልግሎት ነው፤ ዛሬ ከ100 በላይ አገሮች ውስጥ ይሠራል። አሠራሩን መረዳት በኋላ ብዙ ራስ ምታት ያድናል። ላፕቶፓችሁ ዩዘርኔማችሁን ሲልክ መስመሩ ከ@ ምልክት በኋላ ያለውን ያነብና ጥያቄውን ወደ ራሳችሁ ዩኒቨርሲቲ ሰርቨር ይመራዋል። ፓስወርዱን አይቶ «ይግባ» ወይም «አይግባ» የሚለው የእናንተው ሰርቨር ነው። ስለዚህ አንዴ በትክክል ከተስተካከለ ለኮንፈረንስ ሌላ አገር ኤዱሮም ያለው ዩኒቨርሲቲ ብትሄዱም ላፕቶፑ ራሱ ይገናኛል። ዩዘርኔሙ ግን ሙሉ መሆን አለበት። አንዳንድ ግቢ ከ@ በፊት ያለው ብቻ ተጽፎም ያስገባል፤ ከዚያ ግቢ ወጥታችሁ ሌላ ቦታ ስትሞክሩ ግን ጥያቄው ወዴት እንደሚላክ አይታወቅምና ይወድቃል። ሌላም ነገር አለ፦ በስማችሁ የተሠራው የኢሜይል አድራሻና ለዋይፋይ የሚያገለግለው ዩዘርኔም አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። ብዙ ቦታ ለዋይፋዩ የሚሠራው የመታወቂያ ቁጥር ያለበት ነው። ከመሞከራችሁ በፊት የአይቲ ክፍሉን ገጽ እዩ።

ኢንተርኔት ለማግኘት ኢንተርኔት ያስፈልጋል

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ስላቆመ ብዙ ሰው ወደ ዊንዶውስ 11 ተሻግሯል፤ ላፕቶፑ ያረጀበት ደግሞ ኡቡንቱ ወይም ሌላ ሊኑክስ ጭኗል። ሲስተሙ ከአዲስ ሲጫን ቀድሞ የተቀመጠው የዋይፋይ አሠራር፣ ፓስወርዱም ሰርተፊኬቱም (ማንነት የሚያረጋግጠው ዲጂታል ፋይል) አብሮ ይጠፋል። በፓስወርድ ፈንታ ለእያንዳንዱ ላፕቶፕ የራሱን ሰርተፊኬት የሚሰጥ ግቢ ከሆነ ያ ሰርተፊኬት ከድሮው ሲስተም ጋር ስለሄደ ምዝገባውን እንደ አዲስ ማድረግ የግድ ነው። «ትናንት ይሠራ ነበር እኮ» ማለት እዚህ ላይ አይረዳም።

ዊንዶውስ 11 ገና ሲከፈት፣ ስም እንኳ ሳትሰጡት፣ ኢንተርኔት አገናኙኝ ይላል። እዚያ ገጽ ላይ ከግቢው ዋይፋይ ጋር አትታገሉ። የስልካችሁን ሆትስፖት ክፈቱና ጀምሩ፤ የግቢውን በኋላ ተረጋግታችሁ ታስተካክላላችሁ። ዶርማችሁ ግድግዳ ላይ የኔትወርክ ሶኬት ካለ በገመድ መጀመርም ይቻላል።

ሊኑክስ ጭናችሁ የዋይፋዩ ምልክት ጭራሹን ካልመጣ ችግሩ የግቢው አይደለም፣ ብዙ ጊዜ የድራይቨር (የዋይፋይ ካርዱን የሚያንቀሳቅሰው ፕሮግራም) ነው። የኢንቴል ዋይፋይ ካርድ ያለው ላፕቶፕ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ችግር ይነሳል፤ የሚያስቸግሩት በብዛት ብሮድኮምና አንዳንድ የሪልቴክ ካርዶች ናቸው። መፍትሔው ስልኩን በዩኤስቢ ገመድ ሰክቶ ኢንተርኔቱን ማጋራት ነው። ላፕቶፑ ስልኩን እንደ ኔትወርክ ገመድ ስለሚቆጥረው የዋይፋይ ድራይቨር አይጠይቅም። ከዚያ ኡቡንቱ ላይ «አዲሽናል ድራይቨርስ» የሚለውን ከፍታችሁ የጎደለውን አውርዱ።

የተማሪ አካውንታችሁን ስታነቁ ብዙ ጊዜ በስልክ የሚላክ ኮድ ትጠየቃላችሁ። ከአገር ቤት የመጣችሁበት ሲም ውጭ አገር መልእክት ካልተቀበለ ኮዱ አይደርስም፤ ቁጥሩን ስትቀይሩም በአሮጌው ቁጥር የተዘጋው አካውንት ያስቸግራችኋል። ከጅምሩ የኮድ ማመንጫ አፕ ብትጠቀሙ ይሻላል። ሲም አይፈልግም፣ በየ30 ሰከንዱ አዲስ ኮድ ያወጣል።

በእጅ አትሙሉት

ብዙ ሰው የሚያደርገው የመስመሩን ስም ነክቶ፣ ዩዘርኔምና ፓስወርድ ጽፎ፣ የሚመጣውን ጥያቄ ሁሉ «እሺ» እያለ ማለፍ ነው። ብዙ ጊዜ ይገናኛል፤ ችግሩ እዚያ ላይ ነው። «ኤዱሮም» የሚል ስም ማንም ሰው በቦርሳው በያዘው ትንሽ መሣሪያ ሊያወጣ ይችላል። ላፕቶፓችሁ የሰርቨሩን ማንነት እንዲያጣራ ካልተነገረው ለዚያ ሰው መሣሪያም እንደ ዩኒቨርሲቲው አድርጎ የመግቢያ መረጃችሁን ያቀብለዋል። ግቢዎች በብዛት የሚጠቀሙበት ኤምኤስቻፕ የሚባል የፓስወርድ ማረጋገጫ ዘዴ ሊሰበር እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ2012 በይፋ ታይቷል። አንዳንድ ግቢ የሚጠቀምበት ሌላ ዘዴ ደግሞ ፓስወርዱን በዋሻው (በላፕቶፑና በሰርቨሩ መካከል በሚከፈተው የተመሰጠረ መተላለፊያ) ውስጥ እንዳለ ነው የሚልከው፤ ዋሻውን የከፈተው ሌባ ከሆነ መስበርም አያስፈልገውም። ያለው መከላከያ ሰርተፊኬቱን ማጣራት ብቻ ነው።

ስለዚህ በሆትስፖቱ ሆናችሁ ካት ዶት ኤዱሮም ዶት ኦርግ (cat.eduroam.org) የሚለውን ገጽ ክፈቱ፤ ወይም «ጌት ኤዱሮም» የሚባለውን አፕ ጫኑ። ከዝርዝሩ የምትመርጡት አካውንት የሰጣችሁን ዩኒቨርሲቲ ነው። ለጉብኝት የሄዳችሁበትን አይደለም፤ ይህን የሚያደባልቅ ብዙ ነው። ገጹ ሲስተማችሁን ለይቶ ለዊንዶውስ አነስተኛ ፕሮግራም፣ ለማክ ፕሮፋይል (የተዘጋጀ የዋይፋይ ማስተካከያ ፋይል)፣ ለሊኑክስ የፓይተን ስክሪፕት ይሰጣችኋል። ማክ ላይ ፋይሉን ማውረድ ብቻ አይበቃም፤ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ፕሮፋይሉን ራሳችሁ ማጽደቅ አለባችሁ። ዩኒቨርሲቲያችሁ ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ የራሱ መጫኛ ሊኖረው ይችላልና የአይቲ ገጹን ፈልጉ። ከመጫናችሁ በፊት ቀድሞ በእጅ የሞላችሁትን መስመር «ፎርጌት» በሉት፣ አለበለዚያ አሮጌው አዲሱን ያውካል።

በእጅ መሙላት ግድ ከሆነ ኡቡንቱ ላይ የሚመጣው ሳጥን እንዲህ ይሞላል። ሴኪዩሪቲው «ደብሊውፒኤ2 ኢንተርፕራይዝ»፣ ማረጋገጫው አብዛኛው ግቢ ላይ «ፒኢኤፒ»፣ የውስጡ ደግሞ «ኤምኤስቻፕ ቨርዥን 2»። «ዶሜይን» የሚለው ላይ የአይቲ ክፍሉ የነገራችሁን የሰርቨር ስም ትጽፋላችሁ፤ «ሲኤ ሰርተፊኬት» ላይ ከገጻቸው ያወረዳችሁትን ፋይል ትመርጣላችሁ። ከሥሩ «ሰርተፊኬት አያስፈልግም» የምትል ትንሽ ሳጥን አለች። ቪዲዮ ላይ የሚያስተምሩ ብዙ ሰዎች እሷን ምረጡ ይላሉ። እሷን አትንኩ።

ዊንዶውስ ላይ ያለ ፕሮፋይል ስትገናኙ «ይህን መስመር እዚህ ቦታ ታገኙታላችሁ ብላችሁ ከጠበቃችሁ ቀጥሉ፤ ካልሆነ ግን ተመሳሳይ ስም ያለው ሌላ ሊሆን ይችላል» የሚል ማስጠንቀቂያ ይመጣል። ከሥሩ የሰርተፊኬቱን ዝርዝር የሚያሳይ ሊንክ አለ። ንኩትና የሚወጣውን ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር የአይቲ ክፍሉ ገጽ ላይ ካለው ጋር አስተያዩ። ፕሮፋይሉን በትክክል ጭናችሁ ሳለ ይህ ጥያቄ ድንገት፣ በተለይ ካፌ ወይም አውቶቡስ ፌርማታ ላይ፣ ከመጣ «አይ» በሉት።

እምቢ ሲል

መጀመሪያ በዚያው አካውንት ስልካችሁን ለማገናኘት ሞክሩ። ስልኩ ከገባ አካውንቱ ደህና ነው፣ ችግሩ ላፕቶፑ ላይ ነው። ስልኩም እምቢ ካለ ላፕቶፑን መጎርጎር ትታችሁ አካውንቱን አጣሩ፤ ምዝገባችሁ ካልተጠናቀቀ ወይም ፓስወርዱን ገና አሁን ከቀየራችሁ የዋይፋይ ሰርቨሩ ገና አላወቀው ይሆናል።

ላፕቶፑ ላይ ከሆነ ኪቦርዱን ጠርጥሩ። ሲስተሙን ስትጭኑ የመረጣችሁት አገር የኪቦርዱን አቀማመጥ ይወስናል። በጀርመን አቀማመጥ ዋይና ዜድ ቦታ ይለዋወጣሉ፤ በፈረንሳይኛው ኤና ኪው። የአማርኛ ኪቦርድ ጨምራችሁ ከሆነ ደግሞ ፓስወርዱ በፊደል ሊጻፍ ይችላል፤ ነጥብ ብቻ ስለሚታያችሁ አታውቁም። የዓይን ምልክቷን ነክታችሁ የጻፋችሁትን እዩት። ዩዘርኔሙን ከኢሜይል ኮፒ ካደረጋችሁም መጨረሻው ላይ ባዶ ቦታ ተከትሎ መጥቶ ሊሆን ይችላል፤ አጥፍታችሁ በእጅ ጻፉት።

ቀጥሎ ሰዓትና ቀን። ሰርተፊኬት የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው፤ የውስጥ ሰዓቱን የምታንቀሳቅሰው ትንሿ ባትሪ የሞተችበት አሮጌ ላፕቶፕ ቀኑን ዓመታት ወደ ኋላ መልሶት ከሆነ ማረጋገጫው ይወድቃል። ዊንዶውስና ሊኑክስን ጎን ለጎን የጫናችሁም በአንዱ ገብታችሁ ስትወጡ የሌላው ሰዓት ይዛባባችኋል፣ ምክንያቱም ዊንዶውስ የማሽኑን ሰዓት የአካባቢው ሰዓት ነው ብሎ ሲወስድ ሊኑክስ የዓለም አቀፉ ሰዓት ነው ብሎ ይወስዳል። የጥቂት ሰዓት መዛባት ዋይፋዩን ብዙም አይነካውም፤ የኮድ ማመንጫ አፑን ላፕቶፑ ላይ ከጫናችሁት ግን ኮዱ አይሠራላችሁም።

አዲስ ሲስተም ከድሮው ይልቅ ጥብቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ኡቡንቱ 22.04 ወደ ኦፕንኤስኤስኤል 3 (የማመስጠር ሥራውን የሚሠራው ፕሮግራም) ሲሸጋገር ያረጀ የማመስጠሪያ አሠራር ያላቸውን ሰርቨሮች አልቀበልም ስላለ ብዙ ተማሪ ሲስተሙን እንዳደሰ ከግቢው ዋይፋይ ውጭ ቀርቷል። የሲስተሙን ጥበቃ ዝቅ የሚያደርጉ ትእዛዞች በየቦታው ታገኛላችሁ። እኔ ግን ለአይቲ ክፍሉ መንገሩን እመርጣለሁ፤ ማደስ ያለበት ሰርቨሩ ነው።

የእንግዳውን መስመር የመግቢያ ገጽ እየጠበቃችሁ አልመጣ ካለ ቪፒኤናችሁን አጥፉ፣ በእጅ ያስገባችሁት ዲኤንኤስ (የድረ ገጽ ስሞችን የሚፈታ ሰርቨር አድራሻ) ካለም አንሱት። ከዚያ ኔቨርኤስኤስኤል ዶት ኮም (neverssl.com) የሚለውን ገጽ ክፈቱ። ያ ገጽ የተሠራው ሆን ተብሎ ያልተመሰጠረ ሆኖ ነው፤ የመግቢያ ገጹ ጣልቃ ገብቶ ይታያል።

ወደ አይቲ ክፍሉ ስትሄዱ ላፕቶፑንና የተማሪ መታወቂያችሁን ያዙ። የሲስተሙን ትክክለኛ ቨርዥን፣ የስህተቱን ጽሑፍ ፎቶ፣ ከሁሉም በላይ የሞከራችሁበትን ሰዓትና ደቂቃ ንገሯቸው። ሰርቨራቸው እያንዳንዱን ሙከራ ከነምክንያቱ ይመዘግባል፤ ደቂቃውን ካወቁ «ፓስወርድ ስህተት» ይሁን «ሰርተፊኬቱን አልቀበልም» ወዲያው ያዩታል። ፓስወርዳችሁን ግን ማንም የድጋፍ ሠራተኛ ሊጠይቃችሁ አይገባም።

ቴሌቪዥን፣ ስፒከርና የጌም ማሽን ብዙዎቹ እንደ ኤዱሮም በየራስ አካውንት በሚገባበት መስመር አይገቡም። ለእነሱ ብዙ ግቢ ሌላ መስመር አለው፤ የመሣሪያውን ማክ አድሬስ (የኔትወርክ ካርዱን መለያ ቁጥር) ታስመዘግባላችሁ። ላፕቶፕ ወይም ስልክ እዚያ ላይ የምታስመዘግቡ ከሆነ ለዚያ መስመር ብቻ «ፕራይቬት አድሬስ» ወይም «ራንደም ሃርድዌር አድሬስ» የሚለውን አጥፉት፤ አለበለዚያ መሣሪያው በሌላ ቁጥር ስለሚቀርብ የተመዘገበው አይገኝም።